ሐሰተኛውንና የተነካካውን ዕቃ መለየት፦ ከብር ኖት እስከ አደራ ዕቃ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

አያቶቻችን ጠገራ ብር እያሉ ይገበያዩበት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ የሚመልስ ገንዘብ ነበር። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ገንዘብ በየትኛውም ዘመን ቢመታ የሚይዘው ዓመት ያው 1780 ስለ ሆነ፣ ዓመቱን አይቶ ስለ ብሩ ምንም ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ በብሩ ላይ ምስሏ በተመታው በንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ የተደረደሩት ዕንቁዎች ጥርት ብለው መታየታቸውን ይመረምራል፤ ቀጥሎም ጠርዙን በአውራ ጣቱ እያዞረ ይዳብሳል። ዕንቁዎቹ የሚመልሱት «ይህ ብር እውነተኛ ነውን?» የሚለውን ጥያቄ ነው። በጠርዙ ላይ ከፍ ብለው የተመቱት የላቲን ፊደላት ግን ሌላ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ይኸውም «ከእውነተኛው ብር ላይ የተሸረፈ አለን?» የሚለው ነው፤ ከጠርዙ ብር የሚሸርፍ ሰው ፊደላቱንም አብሮ መሸረፉ አይቀርምና።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለያይቶ መያዝ የዚህ መመሪያ መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መገባደጃ በአሜሪካ በቺካጎ አካባቢ ታይሌኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የዋጡ 7 ሰዎች ሞቱ። መድኃኒቱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ትክክለኛው ፋብሪካ የሠራው እውነተኛ መድኃኒት ነበር። ነገር ግን ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ጠርሙሶቹን ከፍቶ በካፕሱሎቹ ውስጥ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ጨምሮበታል። በአንጻሩ በደቡብ ምሥራቅ እስያ አርቴሱኔት የተባለው የወባ መድኃኒት በብዛት ተጭበርብሮ በተሸጠበት ጊዜ እሽጉ ምንም ያልተነካ፣ ክኒኑም በወጉ የታሸገ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ አጭበርባሪዎች የፋብሪካውን ሆሎግራም (ሲዘነበል መልኩን የሚለውጥ የሚያብረቀርቅ ምልክት) ጭምር አስመስለው ሠርተው ለጥፈውበታል። በመጀመሪያው አደጋ «እውነተኛ ነውን?» ብሎ የጠየቀ ሰው አይድንም፤ በሁለተኛውም «ተከፍቷልን?» ብሎ የጠየቀ አይድንም። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ በእጅዎ ሲይዙ አስቀድመው ከሁለቱ ጥያቄዎች የትኛውን እየጠየቁ እንደ ሆነ ይወስኑ፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም በተራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግዎ እውነተኛነቱ የተረጋገጠ ማወዳደሪያ ነው። ከባንክ መስኮት በቀጥታ የተቀበሉት ኖት፣ ከታመነ መድኃኒት ቤት የገዙትና የጨረሱት መድኃኒት ሣጥን፣ ራስዎ የከፈቱት የውኃ ጠርሙስ ክዳን ሁሉ ማወዳደሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ዓይን ብቻውን ሲያይ በቀላሉ ይታለላል፤ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲቀርብለት ግን ልዩነቱን ፈልጎ ያገኛል። ከዚህ ሌላ የቀን ብርሃን፣ ማጉያ መነጽር ወይም ቅርብ አድርጎ የሚያነሳ የስልክ ካሜራ፣ ከተቻለም ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ይበቃል።

የብር ኖትን መመርመር

በአሁኑ ጊዜ የምንገለገልባቸው የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች ይፋ የሆኑት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የ200 ብር ኖት ከዚያ በፊት አልነበረም። ምርመራው ከጣት ይጀምራል።

በመጀመሪያ ኖቱን በሁለት እጅዎ ጣቶች ይዳብሱት። የገንዘብ ወረቀት የሚሠራው ከጥጥ ስለ ሆነ ከደብተር ወረቀት ይልቅ ጠንከር ያለ ነው፤ ሲወዛወዝም ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ዋና ዋናዎቹ ሥዕሎችና ጽሑፎች የሚታተሙት በተቀረጸ ብረት ላይ ቀለም ሞልቶ በከፍተኛ ኃይል ወረቀቱን በመጫን በመሆኑ፣ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በጥፍርዎ ጫፍ ቀስ አድርገው ቢፍቁት ሻካራነቱ ይሰማዎታል። በኮምፒውተር ማተሚያ የወጣ ኖት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነው። ኖቱ ያረጀ ከሆነ ይህ ሻካራነት ስለሚቀንስ በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

ቀጥሎ ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥተው በውስጡ አሳልፈው ይመልከቱ። የውኃ ምልክት የሚባለው ሥዕል በቀለም የታተመ አይደለም፤ ወረቀቱ ገና እርጥብ ሳለ በአንዳንዱ ቦታ እንዲሳሳ፣ በሌላው እንዲወፍር ተደርጎ የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት የእውነተኛው ምልክት ጥላ ከብርሃን ወደ ጨለማ ቀስ በቀስ ይሸጋገራል፤ በላዩ ላይ በግራጫ ቀለም የተሣለው ሐሰተኛ ምልክት ግን ጠርዙ እንደ እርሳስ ሥዕል ጎልቶ ይታያል፣ ከብርሃን ሲርቅም አይጠፋም። የደኅንነት ክሩንም በዚያው ይፈልጉ። በብርሃን ሲታይ ክሩ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ የሚሄድ መስመር መሆን አለበት። የተለጠፈ ወይም የታተመ መስመር ከሆነ ጫፉን በጥፍር ሲነኩት ይላጣል፣ ወይም ጨርሶ ክር እንዳልሆነ ይታወቃል።

ሦስተኛው እርምጃ ኖቱን ማዘንበል ነው። የሚያብረቀርቁት ክፍሎች ኖቱ ሲዘነበል መልካቸውን ይለውጣሉ። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው አንድ ማዕዘን ብቻ ስለ ሆነ ይህን ለውጥ ሊቀዳው አይችልም። አራተኛው እርምጃ በርከት ያለ ገንዘብ ለሚቀበል ሰው ነው፤ የኖቶቹን ተከታታይ ቁጥር ያስተያዩ። አጭበርባሪዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ኖት ገልብጠው ደጋግመው ስለሚያትሙ በአንድ እሥር ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ኖቶች ከተገኙ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

ስለ አልትራቫዮሌት መብራት አንድ ነገር ማስገንዘብ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ባለሱቆች በእርሱ ተማምነው ደንበኛቸውን ያለ አግባብ ሲያሳፍሩ አይቻለሁና። ተራ ወረቀት ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚጨመርበት ማንጫ በዚህ መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፤ የገንዘብ ወረቀት ግን ይህ ማንጫ ስለሌለው ደብዝዞ ይቀራል። ይሁን እንጂ የልብስ ሳሙናም ይህንኑ ማንጫ ይይዛል፤ ስለዚህ በሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ የታጠበ እውነተኛ ብር ልክ እንደ ሐሰተኛው ሊበራ ይችላል። በአዮዲን ቀለም የሚጽፈው መፈተሻ እስክርቢቶም እንደዚሁ ነው፤ በተራ ወረቀት ውስጥ ያለውን ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራል እንጂ ስለ ኅትመቱ የሚያውቀው ነገር የለም። መብራቱና እስክርቢቶው ጥርጣሬ ሊያስነሱ ይችላሉ፤ ፍርድ መስጠት ያለባቸው ግን ጣት፣ ብርሃንና ማዘንበል ናቸው።

ሐሰተኛ ኖት በእጅዎ ከገባ ለሌላ ሰው አያሳልፉት፤ ተታለው የተቀበሉት ቢሆንም እያወቁ ማሳለፍ ወንጀል ነው። ከማን፣ መቼና የት እንደ ተቀበሉት በወረቀት ጽፈው፣ ኖቱን ብዙ ሳይነካኩ በፖስታ ከተው ለባንክ ወይም ለፖሊስ ያስረክቡ።

መድኃኒትን መመርመር

በመድኃኒት ላይ የሚደረግ ስሕተት እንደ ገንዘቡ በኪሳራ ብቻ ስለማያበቃ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ መመልከት ይገባል። ከቺካጎው አደጋ በኋላ ፋብሪካው ወደ 31 ሚሊዮን የሚጠጉ ጠርሙሶችን ከገበያ ሰብስቦ ምርቱን በሦስት ድርብ ማሸጊያ መልሶ አወጣው፤ ሣጥኑ በሙጫ ተጣበቀ፣ የክዳኑ አንገት በፕላስቲክ ቀለበት ተጠፈረ፣ የጠርሙሱ አፍም በስስ ሽፋን ተዘጋ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በዚያው ዓመት ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶች መከፈታቸውን በሚያሳይ ማሸጊያ እንዲቀርቡ ደንብ አወጣ። ዛሬ በየቤታችን የምናያቸው ማሸጊያዎች የዚያ ጊዜ ትምህርት ውጤት ናቸው። ሦስት ድርብ የመሆናቸው ምክንያት ግልጽ ነው፦ አንዱን ሳያበላሽ የከፈተ ሰው ሦስቱንም እንዲሁ መክፈት ይከብደዋል።

ምርመራውን ከውጭ ወደ ውስጥ ያካሂዱ። ሣጥኑን ከመክፈትዎ በፊት መዝጊያ ጠርዞቹን ይመልከቱ፤ ሙጫው ሁለት ጊዜ የተቀባ መስሎ ከታየ፣ ወረቀቱ ከተላጠ ወይም በላዩ ላይ ሌላ ስኮች ከተለጠፈበት ይጠርጥሩ። አንዳንድ ማሸጊያ ወረቀት ሲላጥ ከሥሩ «ተከፍቷል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይቀራል። በሙቀት ሙጫውን አለስልሶ ሊያነሳው የሞከረ ሰው ካለ ግን ጽሑፉ ባይወጣም የወረቀቱ ጠርዝ መጨማደዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመሐሉ ይልቅ ማዕዘኖቹን ይመርምሩ።

ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው የባች ቁጥሩን (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተ መድኃኒት የሚለይበትን ቁጥር) እና የማብቂያ ቀኑን በሣጥኑ ላይና በውስጡ ባለው ስትሪፕ (ክኒኖቹ ተደርድረው በታሸጉበት ቅጠል) ወይም ጠርሙስ ላይ ያመሳክሩ። ይህ እርምጃ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚዘነጋው ነው። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በአዲስ ሣጥን ውስጥ ያስገባ ሰው የሣጥኑን ቀን ይለውጣል እንጂ በስትሪፑ ጠርዝ ላይ ተጭኖ የተጻፈውን ቁጥር መለወጥ አይቀናውም። በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት ስትሪፖች እርስ በርሳቸው የተለያየ ቁጥር ካላቸውም ምክንያቱን ይጠይቁ። የተጻፈው ቀን በጣት ሲታሽ የሚለቅ መሆኑን፣ ከሥሩም ሌላ ቀን የተፋቀበት ምልክት መኖሩን በማጉያ ይመልከቱ።

ሦስተኛው የውስጥ ሽፋኑ ነው። በክኒን ዕቃና በዱቄት ወተት ጣሳ አፍ ላይ የሚገኘው የአሉሚኒየም ሽፋን በተራ ሙጫ የተለጠፈ አይደለም፤ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ በማግኔት ኃይል አሉሚኒየሙ እንዲሞቅ ተደርጎ ከዕቃው አፍ ጋር የተበየደ ነው። ስለዚህ ዙሪያው ወጥ፣ ያልተሸበሸበና ያልተቋረጠ መሆን አለበት። በአንድ በኩል ከፍ ያለ፣ ወይም መሐሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚመስል ነጥብ ያለው ከሆነ ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ቀዳዳ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። የመርፌ መድኃኒት ጠርሙስ ከሆነ የላይኛው ብረት ክዳን ተዘዋውሮ መመለሱን፣ ከሥሩ ያለው ጎማም ቀድሞ የተወጋ መሆኑን ያስተውሉ።

በመጨረሻ ክኒኑን ራሱን ይመልከቱ። የተሰነጠቀ፣ በጎድጓዱ ውስጥ ዱቄት ያራገፈ ወይም ከወንድሞቹ በቀለም የተለየ ክኒን የግድ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በሙቀትና በእርጥበት የተበላሸ እውነተኛ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ለታማሚው ግን ውጤቱ ያው በመሆኑ በሁለቱም ሁኔታ መውሰድ አይገባም። ቀምሶ መለየትን በምንም ምክንያት አይሞክሩት።

በፋብሪካዎች የተለጠፉ ምልክቶችን በተመለከተ አንድ ልዩነት ልብ ይበሉ። በጋና የተመሠረተው ኤምፔዲግሪ የተባለው አሠራር በእሽጉ ላይ በሚፋቅ ቀለም የተሸፈነ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ገዢው ቁጥሩን ፍቆ በስልክ አጭር መልእክት ሲልክ ትክክል ስለ መሆኑ መልስ ይደርሰዋል። የናይጄሪያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ አሠራር አስገብቷል። የዚህ ብልሃት ጥንካሬ ያለው በቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ በሌላ ቦታ ከተቀመጠ መዝገብ ጋር በመመሳከሩ ነው። አንድን ቁጥር በሺህ ሣጥን ላይ የገለበጠ አጭበርባሪ በሁለተኛው ገዢ ላይ ይያዛል፤ መዝገቡ ይህ ቁጥር ቀድሞ ተጠይቋል ይላልና። በተቃራኒው በስልክ ሲነሣ ወደ አንድ ድረ ገጽ ብቻ የሚመራ ኪውአር ኮድ ምንም አያረጋግጥም፤ አጭበርባሪው ወደ ራሱ ገጽ የሚመራ ኮድ ማተም አያቅተውም። ሆሎግራምም በማብረቅረቁ ብቻ አይታመንም፤ ከእውነተኛው ጎን አድርገው ካላስተያዩት በስተቀር።

የጠረጠሩትን መድኃኒት አይጣሉት፣ ሕክምናውንም ለብቻዎ ወስነው አያቋርጡ። ሣጥኑን፣ የቀረውን ክኒንና ደረሰኙን አንድ ላይ ይዘው ወደ ፋርማሲ ባለሙያው ይሂዱ፤ አጥጋቢ መልስ ካላገኙ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢዎ ጤና ቢሮ ያመልክቱ። የባች ቁጥሩ ያለበት ሣጥን ከጠፋ አቤቱታው መነሻ ያጣል።

የታሸገ ውኃና ምግብ

በልማድ ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ክዳን ከሥሩ ካለው ቀለበት ጋር የሚያያዘው በሩዝ ፍሬ ጫፍ በሚያህሉ ቀጫጭን ድልድዮች ነው። ክዳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዞር እነዚህ ድልድዮች ይቆረጣሉ፤ ያን ጊዜ የሚሰማው የመበጠስ ድምፅ የማሸጊያው ምስክርነት ነው። ከመክፈትዎ በፊት ጠርሙሱን በዓይንዎ ትይዩ ይዘው ዙሪያውን ያዙሩት። በክዳኑና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት በሁሉም በኩል እኩል መሆን፣ ድልድዮቹም ሳይነጡ መታየት አለባቸው። ያለ ድምፅና ያለ ትግል የተከፈተ ክዳን ሲያጋጥም ውኃውን አይጠጡት። ቀጥሎ ጠርሙሱን ገልብጠው ጨመቅ ያድርጉት፤ ክዳኑን ሳይነካ ከታች ወይም ከጎን በመርፌ የተበሳ ከሆነ ጠብታው ያሳብቃል።

የጃምና የሕፃናት ምግብ የብርጭቆ ዕቃ ክዳን መሐል ላይ ያለው ክብ እብጠት በፋብሪካ ሲታሸግ በውስጡ ባለው የአየር እጥረት ወደ ታች ይሰረጉዳል። በጣት ሲጫኑት ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ሰው ከፍቶትም ይሁን ምግቡ ተበላሽቶ፣ መመለስ ነው።

ባዶ ዕቃን በተመለከተ ደግሞ የሁላችንም እጅ አለበት። ቆራሌው የሚሰበስበው ጠርሙስ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ዘይት፣ ጠላና አረቄ የሚቀዳበትም ስለ ሆነ መቅረት አለበት የምል አይደለሁም። ነገር ግን ውድ የውጭ መጠጥ የነበረበትን ጠርሙስ ከነሣጥኑ፣ ከነክዳኑና ከነወረቀቱ አሳምረን ስንሰጥ ለአጭበርባሪ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልተን እንሰጣለን። ከመስጠትዎ በፊት ወረቀቱን ይላጡት ወይም ይቅደዱት፣ ክዳኑን ለብቻ ይጣሉት፣ ሣጥኑን ይቁረጡት። የመድኃኒት ሣጥንም እንዲሁ ነው።

የስልክ መለያ ቁጥር

ስልክ ሲገዙ *#06# ብለው ሲደውሉ የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር በሣጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ የመጨረሻው አኃዝ ከቀደሙት 14ቱ ተሰልቶ የሚገኝ መቆጣጠሪያ ስለ ሆነ በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል። ለምሳሌ 490154203237518 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። ከግራ ጀምረው ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን እያሉ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ እጥፍ ያድርጉ፤ እጥፉ ባለ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱን አኃዞች ይደምሯቸው። 9 እጥፉ 18 ስለ ሆነ 1 እና 8 ተደምረው 9 ይሆናል፤ 7 እጥፉ 14 ስለ ሆነ 5 ይሆናል። በዚህ ዓይነት የሚገኙት 4፣ 9፣ 0፣ 2፣ 5፣ 8፣ 2፣ 0፣ 3፣ 4፣ 3፣ 5፣ 5 እና 2 ሲደመሩ 52 ናቸው። 52ን ወደሚቀጥለው አሥር ቤት፣ ማለትም ወደ 60 የሚያደርሰው 8 ነው፤ የቁጥሩም መጨረሻ 8 ነው። ይህ ስሌት እንዲሁ ከአእምሮ የተፈጠረን ቁጥር ብዙውን ጊዜ ያጋልጣል። ከእውነተኛ ስልክ ላይ የተገለበጠን ቁጥር ግን አያጋልጥም፤ ስለዚህ ስሌቱ ካልሠራ ስልኩን አይግዙ፣ ስለሠራ ብቻ ደግሞ አይመኑ።

የራስዎን ዕቃ ማሸግ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ በመንገደኛ እጅ በርበሬና ሽሮ ላከችልኝ። ጨርቁን የሰፋችው በጥቁር ክር እንደ ነበር በስልክ ነግራኝ ነበር፤ የደረሰኝ እሽግ ግን በአንድ ጎኑ በነጭ ክር የተሰፋ ነበር። ጉምሩክ ከፍቶት ይሁን፣ በመንገድ ተቀድዶ ደግ ሰው ሰፍቶት ይሁን፣ ሌላ ሰው ገብቶበት ይሁን ማወቅ አልቻልንም። በርበሬው ተቃጥሎ እንኳ ቢሆን እንደዚያ አልቆጭም ነበር፤ ያሳዘነኝ አደራ ተቀብሎ ያመጣልኝን ሰው ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ዓይን ማየቴ ነው። ማሸጊያ ላኪና ተቀባይን ብቻ ሳይሆን በመካከል ያለውን ታማኝ ሰው ጭምር እንደሚጠብቅ የተማርኩት ከዚያ ነው።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው እርምጃ ዕቃውን በተሸካሚው ፊት ማሸግ ነው። ወደ ዓረብ አገሮችም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ መንገደኛ ያላየውን እሽግ እንዲይዝ መጠየቅ እርሱን ለእስር ማጋለጥ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ነገር ከፍቶ ይይ፣ ይነካ፣ ከዚያ ፊቱ ይታሸግ። ጉምሩክ ቢያስከፍተው ማሸጊያው ቢበጠስ ምንም ችግር እንደሌለው፣ የት እንደ ተከፈተ ብቻ እንዲነግርዎ ይንገሩት።

ለማሸግ የሚያስፈልገው ብልጭልጭ ያለበት የጥፍር ቀለም ነው። ይህ የሚሠራበት ምክንያት የቆየ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤንጃሚን ፍራንክሊን በአሜሪካ ግዛቶች የወረቀት ገንዘብ ላይ የእውነተኛ ቅጠል ሥሮችን አሻራ ያትም ነበር፤ ተፈጥሮ ያወጣችውን የቅጠል ደም ሥር እጅ አስመስሎ ሊስል አይችልምና። በጥፍር ቀለም ውስጥ ያሉት ብልጭታዎችም ሲደርቁ በዘፈቀደ የተበተኑ ናቸው፤ የቀባቸው ሰው ራሱ መልሶ እንደዚያው ሊያደርጋቸው አይችልም።

እሽጉን ከሰፉ ወይም በስኮች ከዘጉ በኋላ በክሩ ቋጠሮ ላይና ስኮቹ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ በማሸጊያው ግማሹ በዕቃው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ቀለሙን ይቀቡ። ሲደርቅ ሁለተኛ ጊዜ ይድገሙት። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ፎቶ ያንሡ፤ አንዱ እሽጉን በሙሉ፣ ሌሎቹ እያንዳንዱን የተቀባ ቦታ ብልጭታዎቹ አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ድረስ ቅርብ አድርገው የሚያሳዩ ይሁኑ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ ለተቀባዩ ይላኩ እንጂ አትመው በእሽጉ ውስጥ አያስቀምጡ። ማስረጃው ከዕቃው ጋር በአንድ መንገድ ከተጓዘ ዕቃውን የለወጠ ሰው ማስረጃውንም ይለውጠዋል።

ተቀባዩ እሽጉን ከመክፈቱ በፊት በተመሳሳይ ብርሃንና በተመሳሳይ ማዕዘን ፎቶ ያንሣ፤ ከዚያ ሁለቱን ፎቶዎች በስልኩ ላይ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ እያፈራረቀ ይመልከት። አንድ ብልጭታ እንኳ ቦታው ከተለወጠ በዓይኑ ላይ እንደ መዝለል ሆኖ ይታየዋል።

ማር፣ ቅመም ወይም ቅቤ አሽገው ለሚሸጡ ሰዎች ቀለል ያለ መንገድ አለ። ከክዳኑ ወደ ዕቃው ጎን የሚወርድ ስስ ወረቀት ይለጥፉ፤ ከመለጠፍዎ በፊት ግን ወረቀቱን በሁለት ሦስት ቦታ በምላጭ በከፊል ይሰንጥቁት። ያልተሰነጠቀ ጠንካራ ወረቀት በእንፋሎት ተላጥቶ ሊመለስ ይችላል፤ የተሰነጠቀው ግን ሊያነሡት ሲሞክሩ ይቀደዳል። ፊርማዎ ወይም ማኅተምዎ ግማሹ በወረቀቱ፣ ግማሹ በዕቃው ላይ ይረፍ።

በቤት የሚቀመጥ ነገር፣ ለምሳሌ የቤት ካርታ፣ ወርቅ ወይም ፍላሽ ሲሆንና ለረጅም ጊዜ ከቤት ሲርቁ፣ ከወጥ ቤት የሚገኝ ዘዴ ይጠቀሙ። ዕቃውን በፌስታል ጠቅልለው በሰፊ አፍ የብርጭቆ ዕቃ መሐል ያስቀምጡት። ከዚያ ድፍን ምስር፣ ምስር ክክና ሩዝ ቀላቅለው እስከ አፉ ድረስ ይሙሉት፤ እንዳይንቀሳቀስም ጠቅጥቀው ይዝጉት። ከአራቱም ጎን ፎቶ ያንሡና ፎቶውን ይዘውት ይሂዱ። በመሐል ያለውን ዕቃ ያወጣ ሰው ምስሩን መልሶ ቢሞላውም ቀዩ፣ ቡናማውና ነጩ ፍሬ በቀድሞው አቀማመጥ አይመለሱለትም። ይህ ዘዴ መንቀሳቀስን ስለማይችል ለጉዞ አይሆንም፤ ቦታውም ልጆች የማይደርሱበትና የማይገፋ መደርደሪያ መሆን አለበት።

ከጉዞ ሲመለሱ የብርጭቆ ዕቃውን ከመደርደሪያው ሳያነሡ መጀመሪያ ፎቶ ያንሡ፤ ካነሡት በኋላ የተለወጠ ፍሬ ቢያገኙ የለወጠው የእርስዎ እጅ ይሁን የሌላ ሰው ማወቅ አይችሉም። ካመሳከሩና ከከፈቱት በኋላ እንደገና ለማሸግ ሲፈልጉ እህሉን በሰፊ ትሪ ላይ ገልብጠው በደንብ ያደባልቁት፣ ከዚያም አዲስ ፎቶ አንሥተው አሮጌውን ያጥፉት።